ሒሳቡን ማን ይንካው?

የሞባይል ባንክ፣ የአየር መንገድ ትኬት መቁረጫ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የኮምፒውተር ጌም፤ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው። ውስጣቸው ሲከፈት ግን አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት አሠራር የተገነቡ ሆነው ይገኛሉ። መረጃው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ መረጃውን የመቀየር ሥልጣን ያላቸው ትእዛዞችም ከዚያው ከመረጃው ጋር ይታሰራሉ። ፕሮግራመሮች እነዚህን ትእዛዞች "ሜምበር ፈንክሽን" ይሏቸዋል። የክላሱ አባል የሆኑ ተግባራት ማለት ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ትርጉሙን ሸምድዶ ለፈተና ይቀመጣል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣና የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደተወለደ ግን ብዙም አይነገረውም። ታሪኩ የሚጀምረው ከወረፋ ነው። ቦታው ኦስሎ፣ ጊዜው የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። (የውጭው ታሪክ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ኖርዌያውያን

ክሪስተን ኒጎርድ የሒሳብ ሰው ነበር። ከ1948 ጀምሮ በኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ተቋም ሲሠራ ቆይቶ በ1960 ወደ ኖርዌይ የኮምፒውቲንግ ማዕከል ተዛወረ። እሱን የሚያሳስበው ነገር ሥራ እንዴት ይደራጃል የሚለው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃው የሚከማቸው የትኛው ማሽን ጋ ነው? ስንት መስኮት ቢከፈት ወረፋው ያጥራል? እነዚህን በእውነተኛው ፋብሪካ ላይ ከመሞከር ይልቅ ፋብሪካውን ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ መሥራትና እዚያ መሞከር ይሻላል። ይህ ሥራ ሲሙሌሽን ይባላል።

ኒጎርድ ሐሳብ ነበረው፤ ሐሳቡን ወደ ቋንቋ የሚቀይር ሰው ግን ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው ከመከላከያ ምርምር ተቋሙ ጀምሮ የሚያውቀው፣ በፕሮግራም አጻጻፍ ችሎታው የታወቀው ኦለ-ዮሃን ዳል ሆነ። ማዕከሉ ዩኒቫክ 1107 የተባለውን ኮምፒውተር ሲገዛ ደግሞ አሜሪካዊው አምራች ኩባንያ የአዲሱን ቋንቋ ሥራ በውል ደገፈ። ቋንቋው ሲሙላ ተባለ፤ የመጀመሪያው እትም በ1965 መግቢያ ላይ ሥራ ጀመረ።

ችግራቸውን ለመረዳት የድልድይ መግቢያ ላይ ያለ የክፍያ ኬላ ማሰብ ይበቃል። እነሱም በዚህ ምሳሌ ይሠሩ ነበር። ጭነት መኪና ይመጣል፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ የቤት መኪና ይመጣል። ሁሉም ይሰለፋሉ፣ ሁሉም ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉት ግን እንደየዓይነታቸው ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

በጊዜው በነበሩት ቋንቋዎች፣ በፎርትራንም ሆነ በአልጎል፣ ይህን መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን ያደክማል። የመኪኖቹ መረጃ በአንድ በኩል ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ትእዛዞቹ በሌላ በኩል። የትኛው ትእዛዝ የየትኛውን መኪና መረጃ መንካት እንዳለበት የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። እሱ የረሳ ቀን ወይም ሥራ የለቀቀ ቀን ፕሮግራሙ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ነገሩን በዕድር እንየው። የዕድሩ ገንዘብ በሣጥን ነው እንበል። ሣጥኑ ክፍት ሆኖ ሰፈር መሀል ቢቀመጥ፣ አባላቱ ሁሉ ታማኝ ቢሆኑ እንኳ ሒሳቡ መዛባቱ አይቀርም። አንዱ ለቀብር ወጪ አውጥቶ ሳይጽፍ ይሄዳል። ሌላው መዋጮውን ከትቶ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። ዓመቱ ሲያልቅ ይጎድላል፤ የት እንደጎደለ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው ዕድር ገንዘብ ያዥ የሚሾመው። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ሣጥኑን አይነካም፤ ገንዘብ ያዡን ይጠይቃል። ገንዘብ ያዡ ደንቡን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ያስፈርማል፣ ከዚያ ይከፍላል። ሒሳብ ከጎደለ የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል።

ኒጎርድና ዳል ወደዚህ የደረሱት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1966 እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር በፈረንሳይ በተካሄደ የበጋ ትምህርት ላይ ተያያዥ መረጃዎችን በአንድ መዝገብ ስለማሰባሰብ ያቀረበው ሐሳብ ረድቷቸዋል። የሆር መዝገብ ግን መረጃ ብቻ ነበረው። እነሱ የፈለጉት መረጃውም፣ በመረጃው ላይ የሚሠሩት ትእዛዞችም አብረው የሚኖሩበትን ነገር ነው። በ1967 ይፋ የሆነው ሲሙላ 67 ይህን ይዞ መጣ። የነገሩን ዓይነት የሚገልጸው ንድፍ "ክላስ" ተባለ፤ በንድፉ መሠረት የሚፈጠረው እያንዳንዱ ነገር "ኦብጀክት"። "ጭነት መኪና" ክላስ ነው፤ ኬላው ላይ የቆሙት አሥር ጭነት መኪኖች አሥር ኦብጀክቶች ናቸው። የአንዱን ኦብጀክት ትእዛዝ ለማሠራት ስሙ ይጻፍና ነጥብ ተደርጎ የትእዛዙ ስም ይከተላል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ያ ነጥብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው።

ከኦስሎ ወደ አሜሪካ

ሐሳቡ ባሕር የተሻገረው በአጋጣሚ ጭምር ነው። በ1966 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው አለን ኬይ፣ አልጎል ነው የተባለ ፕሮግራም እንዲያሠራ ይሰጠዋል። ኮዱ ግራ ቢያጋባቸው ከባልደረባው ጋር የታተመበትን ረጅም ወረቀት ኮሪደሩ ላይ ዘርግተው፣ በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ አነበቡት። የያዙት ሲሙላ ነበር። ኬይ በኋላ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ከዳን ኢንጋልስና ከአዴል ጎልድበርግ ጋር ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ ሠራ። "ኦብጀክት ኦሪየንትድ" የሚለውን ስያሜ ያወጣውም እሱ ነው። በስሞልቶክ ኦብጀክቶች እንደ ሰው መልእክት ይላላካሉ፤ መልእክቱ የደረሰው ኦብጀክት ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ራሱ ነው። ምላሹ የተጻፈበት ትእዛዝ "ሜቶድ" ተባለ። የጃቫና የፓይተን ተማሪዎች ዛሬም በዚህ ስም ይጠሩታል።

"ሜምበር ፈንክሽን" የሚለው ስም የመጣው ግን በሌላ በር ነው። ዴንማርካዊው ብያርነ ስትሮስትሩፕ በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ አንድ ትልቅ ሲሙሌሽን በሲሙላ ጻፈ። ሲጽፈው ተመቸው፤ ሲያሠራው ግን ፕሮግራሙ ከመጠን በላይ ዘገመ። ሥራውን ለመጨረስ ፕሮግራሙን ቢሲፒኤል በተባለ ፈጣን፣ ግን ምንም ምቾት በሌለው ቋንቋ እንደገና ለመጻፍ ተገደደ። በ1979 አሜሪካ ቤል ላብስ ሲገባ ያ ነገር አልወጣለትም ነበር። የሲሙላን አደረጃጀትና የሲ ቋንቋን ፍጥነት አንድ ላይ ማግኘት ፈለገ።

በሲ ቋንቋ የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ስም ማሰባሰብ ይቻላል። ተሰብሳቢዎቹ "ሜምበር"፣ አባል ይባላሉ። ስትሮስትሩፕ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው፤ ፈንክሽንም እንደ መረጃው አባል መሆን እንዲችል ፈቀደ። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። ቋንቋው በ1983 ሲ ፕላስ ፕላስ ተብሎ ተሰየመ፤ በ1985 ለገበያ ቀረበ።

አንድ ከፋይ፣ ሚሊዮን ደብተር

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባንክ አንድ ሚሊዮን ሒሳቦች ቢኖሩት፣ እያንዳንዱ ሒሳብ ኦብጀክት ቢሆን፣ "ወጪ አድርግ" የሚለው ፈንክሽን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ተገልብጦ ይቀመጣል? አይቀመጥም። በእያንዳንዱ ኦብጀክት ውስጥ ያለው የራሱ መረጃ ብቻ ነው፤ ቀሪ ሒሳቡና የባለቤቱ ስም። የፈንክሽኑ ኮድ ማሽኑ ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ ነው። ሚሊዮኑም ይጋሩታል።

ታዲያ አንዱ ኮድ የማንን ሒሳብ እየቀነሰ እንደሆነ በምን ያውቃል? የድሮውን የባንክ መስኮት ማሰብ ነው። ከፋይዋ አንድ ናት፤ ደንበኛው ግን ሲቀርብ ደብተሩን በመስኮቱ ያቀብላታል። ሜምበር ፈንክሽንም ሲጠራ ፕሮግራመሩ ያልጻፈው አንድ ተጨማሪ ነገር በስውር ይቀበላል፤ የኦብጀክቱን አድራሻ። በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ አድራሻ "ዚስ" ይባላል፤ "ይኸኛው" እንደማለት። የስትሮስትሩፕ የመጀመሪያው ኮምፓይለር ሲ ፕላስ ፕላስን ወደ ተራ ሲ የሚተረጉም ስለነበር ምስጢሩ በግልጽ ይታይ ነበር። ሜምበር ፈንክሽን ሲተረጎም አንድ ተጨማሪ ግብአት ያለው ተራ ፈንክሽን ሆኖ ይወጣል። ፓይተን ደግሞ ነገሩን መደበቅ አልፈለገም። "ሰልፍ" የሚለውን ቃል ፕሮግራመሩ ራሱ በየፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ እንዲጽፍ ያደርጋል። ደብተሩ በሁለቱም አለ፤ በአንዱ ይታያል፣ በሌላው አይታይም።

ወደ ኬላው እንመለስ። ሁሉም "ተሽከርካሪ" ናቸው፤ ኬላው ለሁሉም የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፦ "ክፍያህን አስላ"። ጭነት መኪናው በራሱ መንገድ ያሰላል፣ አውቶቡሱም በራሱ። ኬላው የቆመው ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሲሙላ 67 ለዚህ "ቨርቹዋል" የተባለ ስልት ነበረው፤ ስትሮስትሩፕም ወሰደው። በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ክላስ የፈንክሽኖቹ አድራሻ የተዘረዘረበት ሰንጠረዥ ይኖራል፤ ኦብጀክቱም የክላሱ ሰንጠረዥ የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ይይዛል። ትእዛዝ ሲመጣ ሰንጠረዡ ይታይና ትክክለኛው ፈንክሽን ይጠራል። ነገ ባጃጅ ቢጨመር የኬላው ኮድ አይነካም፤ ባጃጁ የራሱን ስሌት ይዞ ይመጣል።

ሣጥኑ ላይ የተደረገው ቁልፍ

ሲሙላ 67 ሲወጣ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ገንዘብ ያዡ ተሹሟል፤ ሣጥኑ ግን አልተቆለፈም። የፈለገ ፕሮግራመር ፈንክሽኑን ትቶ በቀጥታ ቁጥሩን መቀየር ይችል ነበር። በ1972 ዴቪድ ፓርናስ በጻፈው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል ለሌሎች መታየት የማይገባውን ውሳኔ በውስጡ መደበቅ እንዳለበት ተከራከረ። በሲሙላም በ1970ዎቹ መከለያው ተጨመረ። ስትሮስትሩፕ ደግሞ ከመነሻው ክላሱን "ፐብሊክ" እና "ፕራይቬት" ብሎ ለሁለት ከፈለው። ቀሪ ሒሳቡ ፕራይቬት ይሆናል፤ የሚነኩት የክላሱ ፈንክሽኖችና ክላሱ ራሱ በስም የፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ሌላ ሰው ቁጥሩን በቀጥታ ሊቀንስ ቢሞክር ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን አልቀበልም ይላል።

ስትሮስትሩፕ ግን ስለዚህ ቁልፍ ሲናገር አልዋሸም። ቁልፉ የሚከላከለው ስህተትን እንጂ ሆን ተብሎ የሚሠራ ማታለልን እንዳልሆነ ግልጽ አድርጓል። የታሪኩ ቁም ነገር ያለውም እዚህ ጋ ነው። ቋንቋው "ይህን ቁጥር የሚነካው ይህ በር ብቻ ነው" ማለት ይችላል። በሩ ላይ የሚቆመው ደንብ ትክክል ይሁን አይሁን፣ ደንቡንስ ማን ጻፈው፣ ማን አጸደቀው፣ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

ኮዱ አንድ ብቻ መሆኑ ደግሞ ሁለት ስለት ያለው ቢላ ነው። በ"ወጪ አድርግ" ውስጥ ያለ ስህተት አንድ ጊዜ ሲታረም ለሚሊዮኑ ሒሳብ ይታረማል። አንድ ጊዜ ሲበላሽም ለሚሊዮኑ ይበላሻል። "ቀሪው ይበቃል ወይ?" የምትለው አንዲት መስመር ብትዘለል በሩ ለሁሉም ሰው በአንድ ሌሊት ይከፈታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩበት ሌሊት አይረሳም። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ኤቲኤሞች በተማሪ ተጨናንቀው አመሹ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገለጸ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። የራሱ ያልሆነ ገንዘብ የወሰደ ሰው መመለስ እንዳለበት አከራካሪ አይደለም። ይሁንና ሲስተሙ በምንም ቋንቋ ይጻፍ፣ ያ ሌሊት ያነሳው ጥያቄ ኒጎርድና ዳል የጀመሩት ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ ከመቀነሱ በፊት የሚጠይቀው ማን ነው? ደንቡ ሲቀየርስ ቅያሬውን የሚያየው ማን ነው? በሩን የተሻገሩት ሰዎች ፎቶ በየቅርንጫፉ ሲለጠፍ፣ ስለ በሩ የተነገረው ግን ከጥቂት ዐረፍተ ነገር አላለፈም።

ኒጎርድ ከማሽኑ ሲወጣ

ብዙዎቹ የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት ኒጎርድን በ1967 ላይ ይተዉታል። እሱ ግን እዚያ አልቆመም። ሲሙላ ፋብሪካን አስመስሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን የሚገዛው ደግሞ አሠሪው ነው። የሠራተኛው እንቅስቃሴ፣ ሰዓቱና ፍጥነቱ በኦብጀክት ተገልጾ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፣ ስለዚያ ሠራተኛ የሚወስነው ፈንክሽን የሚጻፈው እሱ በሌለበት ነው። ኒጎርድ የገዛ ሥራው ሰዎች በገዛ ሥራቸው ላይ ያላቸውን ድርሻ ሊያሳጣ እንደሚችል አየ።

ከዚያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ ሠራተኞቹ ወደ ፋብሪካቸው ስለሚገባው የኮምፒውተር ሲስተም ራሳቸው የሚያጠኑበት ፕሮጀክት ተጀመረ። ብየዳና ማሽን የሚያውቁ ሰዎች ሲስተሙ ምን መረጃ እንደሚሰበስብ፣ ማን እንደሚያየው፣ በምን ደንብ እንደሚወስን መርምረው የራሳቸውን አቋም አዘጋጁ። በ1975 የኖርዌይ ሠራተኞች ኮንፌዴሬሽንና የአሠሪዎች ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ አገር አቀፍ ስምምነት ፈረሙ። በ1977 የወጣው የሥራ አካባቢ ሕግም ሠራተኞች ሥራቸውን የሚያቅዱና የሚቆጣጠሩ ሲስተሞች ሲነደፉ የማወቅና የመሳተፍ መብት እንዲኖራቸው አደረገ።

ኒጎርድ በዚህም አላበቃም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዳትገባ የሚታገለውን ንቅናቄ መራ፤ በኅዳር 1994 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 52 በመቶ ያህሉ "አንገባም" አለ። በአቋሙ መስማማትና አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ሐሳቡ ግን በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ነበር፤ ውሳኔው የሚነካው ሰው በውሳኔው ላይ ድምፅ ይኑረው። ኒጎርድና ዳል የ2001 የቱሪንግ ሽልማትን በጋራ ተሸለሙ። በ2002 ዳል በሰኔ፣ ኒጎርድ በነሐሴ አረፉ።

ወደዚህ ስንመጣ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች። በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ጸድቋል። የፋይዳ መታወቂያ፣ የሞባይል ገንዘብ፣ የመንግሥት አገልግሎት ሁሉ ወደ ሲስተም እየገባ ነው። እያንዳንዱ ዜጋ ማለት ይቻላል በሆነ ቦታ፣ በሆነ ክላስ ውስጥ አንድ ኦብጀክት ሆኗል። ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ ሒሳቡና መሬቱ በፈንክሽኖች ይነበባል፣ ይቀየራል፣ ይታገዳል።

ወጣቶች ክላስና ሜምበር ፈንክሽን መማራቸው መልካም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ "እንዴት ይጻፋል?" ላይ ብቻ ከቆመ፣ ግማሹ ታሪክ ቀርቷል። "ሒሳብ አግድ" የሚል ፈንክሽን መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማን ይጥራው፣ ከማገዱ በፊት ምን ይጠይቅ፣ ያገደው ሰው ስም የት ይመዝገብ፣ የታገደው ሰው አቤት የሚልበት ፈንክሽን በዚያው ክላስ ውስጥ አለ ወይ? እነዚህ የፕሮግራመሩ ብቻ ጥያቄዎች አይደሉም። የሠራተኛ ማኅበር፣ የነጋዴ ማኅበር፣ የሕግ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ ሊጠይቃቸው የሚችልና የሚገባ ጥያቄዎች ናቸው።

የኖርዌይ ብየዳ ሠራተኞች ፕሮግራመር አልነበሩም። የጠየቁት ሲስተሙ ከመተከሉ በፊት ስለ እነሱ ምን እንደሚይዝና በምን ደንብ እንደሚወስን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው ነው። በእኛም አገር አዲስ ሲስተም ሊተከል ውል በሚፈረምበት ጊዜ ተጠቃሚውን ወክሎ ይህንኑ የሚጠይቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ መኖር አለበት። ዕድር እንኳ ገንዘብ ያዡን ሲሾም ደንቡን በአባላት ፊት ያነብባል።